ምረጡ አሉን፤ ከምኑ?

«ጥጥ ልበሱ፣ ፖሊስተር ተዉ፣ ለአካባቢ አስቡ» ይሉናል። እሺ፣ ማን ጠላ! በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪን በሚያልፍባት ጋምቤላ ጥጥ ለመልበስ መካሪ አያስፈልግም፤ ላብ ራሱ ይመክራል። ጣጣው የሚጀምረው ገበያ ሲወጡ ነው።

«ኮተን ነው ወንድሜ፣ ንጹሕ ኮተን!» ይላል ነጋዴው። ደንበኛውም አሁን አሁን ብልጥ ሆኗል፤ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዞ ላይተር ይለኩስበታል። ጥጥ ቢሆን እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆን ነበር። ይሄኛው ግን ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ጫፉ ላይ ጠጣር ጥቁር ዶቃ ይሠራል። ነጋዴው እንደሆነ አይደነግጥ። «ያው ሚክስ ነዋ!»

የተማሪው ዩኒፎርም ፖሊስተር፣ ማሊያው ፖሊስተር፣ ከውጭ ታትሞ የሚመጣው «የሐበሻ ቀሚስ» ሳይቀር ፖሊስተር። የሚያስቀው ደግሞ ለአካባቢ ቀን የሚታደለው ካኔቴራ ነው፤ ጀርባው ላይ «አካባቢያችንን እንጠብቅ» ተጽፎበት ጨርቁ ራሱ የነዳጅ ዘር ነው። እሱን ለብሰን ችግኝ እንተክላለን፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ገላችን ላይ ይለጠፋል፣ ማታ ይታጠባል። በታጠበ ቁጥር ለዓይን የማይታይ ብናኝ ቃጫ ይረግፋል፤ ባሮም የደረሰውን ይዞ ወደ ሶባት፣ ከዚያም ወደ ነጭ ዓባይ ይነጉዳል። ዓሣችንን የምናወጣውም ከዚሁ ውኃ ነው።

አንጀት የሚያሳርረው ጥጡ እዚሁ መብቀሉ ነው። አቦቦ ላይ የአልዌሮ ግድብ በደርግ ዘመን በሶቪየቶች እርዳታ ሲሠራ ጥጥ በመስኖ ሊለማበት ታስቦ ነበር፤ ኋላ ሩዝ ገባበት። ጥጥ የሚያለሙ እርሻዎች በክልሉ ከዚያ ወዲህም አልጠፉም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ምርቱ ተጭኖ ወደ መሃል አገር ይሄዳል፤ ሸሚዝ ሆኖ ሲመለስ ያየ ካለ ይንገረን። በእርግጥ ጥጥም ጻድቅ አይደለም። ውኃ ይጠጣል፣ መድኃኒት ያስረጫል፤ አገራችን በ2010 ዓ.ም. ዘረመሉ የተለወጠ ጥጥ የፈቀደችውም ትሉ አላስቀምጥ ብሎ ነው።

ሰልባጅስ? አዲስ ከማስመረት የተሠራውን መልሶ መልበስ ለአካባቢ ይሻላል፤ የእኛ አገር ሕግ ደግሞ ኮንትሮባንድ ይለዋል። ቢገኝም ቦንዳው ሲፈታ ጥጥ ጥጡን በማለዳ የደረሰ ይለቅመዋል። ለእኛ የሚተርፈን የፈረንጅ የክረምት ጃኬት ነው። ለጋምቤላ!

የቀረው አቡጀዲ ገዝቶ ማሰፋት ነው። ልብስ ሰፊው ጨርቁን ሲያይ «ነፍስ ይማር፣ የማን ከፈን ነው?» ብሎ ሰፈሩን ያስቃል። ስቆ ሲያበቃ መኪናው ላይ የሚያጠነጥነው ክር ራሱ ፖሊስተር ነው።