የጡረታ ታርጋ

እንግሊዞች ለአሮጌ መኪና የሚያሳዩትን እንክብካቤ ለአሮጌ ሰው ቢያደርጉት ምን ነበረበት! እ.ኤ.አ. ከ1980 በፊት ለተሠራች መኪና፣ ካመለከቱላት፣ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ወይም ብርማ ፊደል ያለው የድሮ ታርጋ ይፈቅዱላታል። ባለቤቷም እሑድ እሑድ ወልውሎ ያናፍሳታል።

ዘሩ ከእንግሊዟ ሉተን የሚመዘዘው የጭነት መኪና፣ ቤድፎርድ፣ ግን ሱዳን ወጥቶ ቀረ። የእንጨት ካሶኒ ለብሶ፣ በቀለም ተኳኩሎ፣ ስንት ዘመን የገዳሪፍን ሰሊጥና ማሽላ ተሸከመ! በድንበሯ ሐምዳይት ሾፌሩን «ይህ እኮ ቅርስ ነው» ቢሉት፣ «ታዲያ ጎማውን ማን ይቀይርለታል?» ማለቱ አይቀርም።

ለታርጋው እንኳ አያስብም፤ ክረምት ሲገባ የሰቲት ወንዝ ዳር ዋልካ ያለ ማመልከቻ ጥቁር መደብ ያለብሰዋል። ፊደሉንም ጭምር።