ምላስ በላቲን

«ልጄ ላቲን ጀመረ» አለኝ ቨርጂኒያ የሚኖር ወዳጄ በስልክ፣ ድምፁን ጎርነን አድርጎ።

«ከማን ጋር ሊያወራበት?»

«ለወሬ አይደለም፤ አእምሮ መሳያ ነው።»

«ግእዝ ቢሆንስ?»

«እሱማ የሞተ ቋንቋ ነው።»

«ላቲን በስንተኛው ቀን ተነሣ?»

ሰውየው በየእሁዱ ያስቀድሳል። የሞተ ያለውን ቋንቋ ቆሞ ሲሰማ ያረፍዳል፤ የተነሣውን ግን አንድም ቀን ሲነገር ሰምቶት አያውቅም።

ልጁ አምስተኛ ክፍል ነው። የገባበት ትምህርት ቤት «ክላሲካል ክርስቲያን» የሚባለው ዓይነት ነው፦ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ላቲን፣ የግሪክና የሮም ታሪክ፣ በቃል የሚጠና ግጥም፣ ዐረፍተ ነገርን እንደ ቅርጫ ሥጋ ባለቤቱን እዚህ፣ ማሰሪያ አንቀጹን እዚያ እያሉ በመስመር መበለት። ነገሩን የቀሰቀሰችው የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ትጽፍ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ዶሮቲ ሴየርስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1947 ኦክስፎርድ ላይ «የጠፉት የትምህርት መሣሪያዎች» የሚል ንግግር አደረገችና ልጅነትን ለሦስት ከፈለችው፦ በቀቀን፣ አፈኛ፣ ገጣሚ። በቀቀኑ የሰጡትን ሁሉ ይሸመድዳል። አፈኛው ይከራከራል፣ ይመልሳል፣ ታላቁን ስህተት ላይ ሲይዘው ደስ ይለዋል። ገጣሚው ራሱን መግለጽ ያምረዋል። ለአንደኛው ሰዋስው፣ ለሁለተኛው ሎጂክ፣ ለሦስተኛው ሬቶሪክ ይስማማዋል ብላ የመካከለኛውን ዘመን «ትሪቪየም» አቧራውን አራገፈችለት።

ስለ ልጆች ይህን ሁሉ ከየት አወቀች? ከራሷ ልጅነት፤ እሷም አልደበቀችም። ለመርማሪ ልብ ወለድ ጸሐፊ አንድ ምስክር ይበቃ ኖሯል!

ሐሳቡን ተግባር ላይ ካዋሉት ቀዳሚዎች አንዱ በ1981 ሞስኮ ውስጥ የተከፈተው ሎጎስ ትምህርት ቤት ነው። አትደንግጡ፣ የአሜሪካዋ የአይዳሆ ሞስኮ ናት። ያን ጊዜ የእኛ ወጣት ወደ ትልቋ ሞስኮ ተልኮ ማርክስና ሌኒንን ሸምድዶ ይመለስ ነበር፤ በሽምደዳው እንኳ ሁለቱ ሞስኮዎች ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል። ከመሥራቾቹ አንዱ ዳግላስ ዊልሰን በ1991 ስለ ሥራው መጽሐፍ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ዓይነቱ በየግዛቱ ተባዛ። ልጃቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ወላጆችም ሥርዓተ ትምህርቱ በካርቶን ታሽጎ ይሸጣል።

«ሽምደዳ ፈጠራን ይገድላል» አለኝ አንድ ዘመናዊ መምህር።

«የባለቤትህ ስልክ ቁጥር ስንት ነው?» አልኩት።

«ቆይ፣ ስልኬ ውስጥ ልየው።»

እኔ ግን ከሽምደዳው ይልቅ የሚያስቀኝ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያለው መገናኛ ነው። በቀቀኑ ገና አልወጣም፣ አፈኛው ገብቷል። ልጁ ጠዋት «ሜንሳ፣ ሜንሴ፣ ሜንሴ፣ ሜንሳም፣ ሜንሳ» እያለ የጠረጴዛን ርባታ ያዜማል፤ ማታ አባቱን ያርማል። ወዳጄ እንዳጫወተኝ (ልጁ የመለሰው በእንግሊዝኛ ነው፣ አማርኛው የእኔ)፦

«ያንን ታብሌት አስቀምጥ!»

«ምክንያቱን ንገረኝ።»

«እኔ በአንተ ዕድሜ ትምህርት ቤት የምሄደው በባዶ እግሬ ነበር!»

«አባዬ፣ የምንከራከረው ስለ ታብሌት ነው፤ ጫማን ማን አነሣ?»

«ዋ! ቀበቶዬን እንዳልፈታ!»

«ይሄ ደግሞ ‹አድ ባኩሉም› ይባላል፤ በማስረጃ ፈንታ ዱላ ማቅረብ።»

«ዱላን በላቲን ያስጠራህ የእኔ ዶላር ነው!»

«አሁን ደግሞ ወደ ገንዘብ ዞርክ።»

አባት ትምህርት ቤቱ ደወለ። «ልጄ መልስ የሚሰጥ ባለጌ ሆነብኝ» ቢላቸው፣ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አልፏል» አሉት።

ይህን የሰሙ አንድ መሪጌታ ከት ብለው ሳቁ። «በቀቀኑ ንባብ ቤት ያለው ነው፣ ዳዊት ይደግማል። አፈኛው ግስ ይገሥሣል፤ ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል። ገጣሚው ቅኔ ቤት ነው፤ ቆጥሮ ይመጣል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። ይቺ ሴትዮ ጎጃም መጥታ ነበር እንዴ?»

«ክፍያውስ ስንት ነበር መሪጌታ?»

«በእንተ ስማ ለማርያም!»

«ታዲያ የእርስዎ ልጆች ቅኔውን ጨረሱ?»

«እነሱስ... ኮምፒውተር ነው የሚማሩት።»

የቆሎ ትምህርት ቤትን የሚያሞግስ ሞልቷል፤ ልጁን አኮፋዳ አንግቶ የሚልክ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

እኔንም በዚህ ትምህርት ቅር የሚለኝ አለ። የታሪክ መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ከግብፅ ይነሣል፣ በግሪክና በሮም ያልፋል፣ አውሮፓ ሲገባ በሩን ከኋላው ይዘጋል። የእስክንድርያውን አትናቴዎስን ያነሣሉ፣ የሰሜን አፍሪካውን አውግስጢኖስን ያነሣሉ። አትናቴዎስ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ማንን ነው ሲባል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ፍሬምናጦስን ነው፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን። ኢዛና በሳንቲሙ ላይ መስቀል ያተመውም በዚያው በአራተኛው ምዕተ ዓመት ነው። ይህን ለማስተማር አዲስ መጽሐፍ ማሳተም አያስፈልግም። የፍሬምናጦስን ታሪክ የጻፈው ሩፊኖስ በላቲን ነው የጻፈው፤ ያ ሁሉ «ሜንሳ፣ ሜንሴ» አንድ ቀን እዚህ ገጽ ላይ ካላደረሰ የት ሊያደርስ ነው?

እናም ከፋይ ወላጆች ሆይ፣ የአክሱሙን ጥያቄ ልጃችሁ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ያንሣው። ማታ ራት ላይ ዞሮ «አባዬ፣ አንተስ ታውቅ ነበር?» ቢላችሁ ግን ትምህርት ቤቱ እንዳትደውሉ። ደረሰኙ የተቆረጠው ለዚያች ጥያቄ ነው።