የይፋትን ገጽ ሰው አልባ የማድረግ ጥበብ

ውክፔዲያ ላይ ስለ ሰሜን ሸዋው ይፋት ቆላ የተጻፈውን ለማበላሸት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ላይ ይደክማል። ይህ የጀማሪ ሥራ ነው። የገጹ ታሪክ እያንዳንዱን ለውጥ ከነሰዓቱ ስለሚያስቀምጥ የተሰረዘ አንቀጽ በአንድ ጠቅታ ይመለሳል። የማይመለሰው ያኮረፈ ሰው ነው። ስለዚህ ጠቢብ አበላሺ ጽሑፉን ተወት አድርጎ ጸሐፊዎቹን ለማደን ይወጣል፤ እነርሱ የሚገኙት ደግሞ «ውይይት» ከምትለው ትንሽ ቁልፍ ጀርባ ነው። በጥር 2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ መዝገበ ዕውቀት ጽሑፍ የሚያጸድቅ ዋና አዘጋጅ የለውም፤ ለጸሐፊዎቹ ደመወዝ ስለማይከፍልም የሚቆርጠው ደመወዝ የለም። በባዶው ወንበር ላይ የተቀመጠው «እኔ እንዲህ መስሎኝ ነበር፣ እስቲ እርስዎ ያገኙትን ያሳዩኝ» የሚል ጨዋነት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጨዋነት እንደ ጌጥ ያየዋል፤ ቢኖር ጥሩ፣ ባይኖርም ሥራው የማይቆም ይመስለዋል። እርስዎ ግን እንዲህ አይሳሳቱ። ጨዋነቱን ያወጣ ሰው አዘጋጁን አስወጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ራሱን በራሱ ያበላሻል።

የአማርኛው ውክፔዲያ ለዚህ ሙያ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይመቻል። እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት፤ አንዱ አኩርፎ ቢሄድ ሌላው ቦታውን ይሞላል። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ናቸው፤ ዘወትር የሚጽፉትም በጣት የሚቆጠሩ። ስለ አንጾኪያና ገምዛ ወይም ስለ ቀወት የሚያውቅ፣ አውቆም ለመጻፍ ጊዜ የሚሰጥ አንድ ሰው ከተገኘ እርሱን ማስኮረፍ የወረዳውን ገጽ ለዓመታት መዝጋት ነው። በአንድ ክፉ ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል ውጤት የሚያስገኝ ሥራ ሌላ ቦታ አይገኝም።

ከስም ይጀምሩ፤ ይፋት ለዚህ የተፈጠረ አገር ይመስላል። ዛሬ ሰዉ ይፋት ይላል፤ የታሪክ መጻሕፍት ኢፋት ይላሉ፤ የመካከለኛው ዘመን የዓረብ ጸሐፊዎች አውፋት ወይም ወፋት ብለው ጽፈውታል። የአጣዬን ከተማም ኤፌሶን የሚላት አለ። ሁሉም በየቦታቸው ልክ መሆናቸው አይግታዎ፤ አንዱን ይምረጡና ሌላውን ባገኙበት ሁሉ ያጥፉ፣ ለምን እንዳጠፉም አይጻፉ። ስሞቹ ቢያልቁብዎ ፊደሉ አያልቅብዎትም። ከይፋት ገዢዎች ከወላስማዎች ጋር በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተዋጉትን ዐፄ ዓምደ ጽዮንን ይውሰዱ፦ ዐ ወይም አ፣ ፄ ወይም ጼ፣ ዓ ወይም አ፣ ጽ ወይም ፅ። ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ምርጫ ብቻ ቢቆጠር እንኳ አንዱ ንጉሥ በ16 መንገድ ይጻፋል። ማንም በማንኛቸውም ቢፈልግ ወደ አንዱ ጽሑፍ የሚመሩ ገጾች መፍጠር የደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህ መፍትሔ መኖሩን ለማንም አይንገሩ። ጠቡ የሚቆየው ሰዎች ለአንድ ስም አንድ ወንበር ብቻ እንዳለ ሲያምኑ ነውና።

ይህ ምክር ሳይሠራበት ሲቀር ምን እንደሚከተል ለማየት ወደ አየርላንድ መሻገር ይጠቅማል። እዚያ ያለው የስም ጣጣ የእኛን ያስንቃል። የ1937 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት አራተኛ አንቀጽ የአገሩ ስም በእንግሊዝኛ «አየርላንድ» ነው ይላል፤ በ1949 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ደግሞ የመንግሥቱ መገለጫ «ሪፐብሊክ ኦፍ አየርላንድ» ነው አለ፤ ደሴቲቱ በሙሉም አየርላንድ ትባላለች፣ ሰሜኗ ግን በብሪታንያ ሥር ነው። ታዲያ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ «አየርላንድ» የሚለው ገጽ የማን ይሁን? የደሴቲቱ ወይስ የመንግሥቱ? ዓመታት የፈጀው ክርክር በ2009 እ.ኤ.አ. እስከ ግልግል ኮሚቴ ደርሶ በዚያው ዓመት ድምፅ ተሰጠበት። ስሙ ለደሴቲቱ ቀረ፣ መንግሥቱ «ሪፐብሊክ ኦፍ አየርላንድ» በሚለው ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ስለ ስሙ የሚነሣ ጥያቄ ሁሉ በየገጹ እንዳይዘራ በአንድ የትብብር ገጽ ላይ ብቻ እንዲነገር ተወሰነ። ዴሪ የምትባለው ከተማ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል፤ ብሔርተኞቹ ዴሪ፣ ከብሪታንያ ጋር መቆየትን የሚሹት ለንደንዴሪ ይሏታል፤ ሰው የትኛውን እንደሚል ከሰሙ ወገኑን መገመት ይቻላል። አርታዒዎቹ የደረሱበት ስምምነት የከተማዋ ጽሑፍ ዴሪ፣ የአውራጃዋ ጽሑፍ ለንደንዴሪ ይባል የሚል ነው። ማንም ሙሉ በሙሉ አልረካም፤ ግን ማንም በየማለዳው ስም ሲገለብጥ መዋል የለበትም። ደም የፈሰሰበትን ስም በውይይት ገጽ እንዲህ ማብረድ የሚቻል ከሆነ የይፋትና የኢፋት ጉዳይ በአንድ ከሰዓት እንደሚያልቅ ግልጽ ነው። አደጋው ይህ ነው፤ እንዳይደርስብዎ ይጠንቀቁ።

ከስም ቀጥሎ ያለው መሣሪያ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ይህን ደግሞ ማጀቴ ላይ ቢሞክሩት ያምራል። ካራ ቆሬንና ማጀቴን ያናወጠው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ማጀቴ ያን ጊዜ ፈራርሳለች። የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አሰባስበው በ1979 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ፒየር ጉዌን በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1961 ይሉታል። እርስዎ የሚጠበቅብዎት «ዓ.ም.» የሚለውን አጥፍቶ 1953ን 1961 ማድረግ፣ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ግን አለመጨመር ነው። ቀጥሎ የሚመጣ ቅን አርታዒ 1961ን በእኛ አቆጣጠር መስሎት ስምንት ይጨምርበትና 1969 ያደርገዋል። ሌላው የቆየውን 1953 የሆነ ቦታ አግኝቶ የፈረንጅ መስሎት ስምንት ይቀንስና 1945 ይጽፋል። ሁሉም በቅንነት ሠርተዋል፣ ስሌታቸውም አልተሳሳተም፤ አንድ ጊዜ የፈረሰች ከተማ ግን በወረቀት አራት ጊዜ ፈረሰች። ይህን ሁሉ ለማስቆም በውይይት ገጹ ላይ «ይህ ዓመት በየትኛው አቆጣጠር ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ትበቃ ነበር። ጥያቄዋን የሚጠይቅ ሰው ካገኙ «ታሪክ የማያውቅ» ብለው ቢጽፉለት ዳግመኛ አይጠይቅም።

የቦታ ስም ትርጉም ደግሞ አዋቂን ከአዋቂ ለማለያየት ወደር የለውም። «ማጀቴ» የሚለውን ያየ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ምጣድና እንስራ ይታየዋል፤ ስለዚህ ከተማዋ ስሟን ያገኘችው «ማጀቴ!» ካለች አንዲት እመቤት ነው ብሎ መጻፍ ያምረዋል። ይጻፍ፤ ምንጭ ሲጠየቅም «አባቶች ይናገራሉ» ብሎ ያልፋል፤ የትኞቹ አባቶች፣ የትና መቼ እንደተናገሩ የሚያጣራ ከመጣ አባቶችን ደፈረ ይባላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ነገሩ የበለጠ ይሞቃል። በኦሮምኛ ሮቢ ረቡዕንም ጉማሬንም ይጠራል፤ ሮቢ የሚባል ወንዝም አለ። እነዚህን እውነቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ስሙ ከየትኛው እንደመጣ ማስረጃ ያለው ያቅርብ» ማለት ጥያቄውን ለተመራማሪ ክፍት ማድረግ ነው፤ ይህን አያድርጉ። አንዱ «ምንጭህ ምንድን ነው?» ሲል እርስዎ «ዘርህ ምንድን ነው?» ብለው ይመልሱ። ሁለቱ ጥያቄዎች ድምፃቸው ይመሳሰላል፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ ያስፈትሻል፣ ሁለተኛው ግን ገጹን በአንድ ቀን ባዶ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዋናው አደን እንምጣ፤ ወደ አዲስ ገቢው። ከሸዋ ሮቢት አንድ ወጣት ስለ ማሾ እርሻ ሦስት መስመር ጻፈ እንበል። ማሾ በቀወት ቆላ የታወቀ ሰብል ነው፤ ስለ አዘራሩም ሆነ ስለ ገበያው ከዚህ ወጣት የተሻለ የሚያውቅ በመዝገቡ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ጽሑፉ ምንጭ የለውም፣ መደብ አልተሰጠውም፣ አራት ነጥቡ ጠፍቷል። ውክፔዲያ ውስጥ አዲስ መጪን አትናከሱ የሚል የቆየ መመሪያ አለ፤ ሌላው ያደረገውን መጀመሪያ በቅን ልቦና ተርጉሙት የሚልም አለ። መመሪያዎቹን ማወቅዎ ጥሩ ነው፤ ለመጣስ ይረዳልና። ልጁ ሻይ ጠጥቶ ሳይመለስ ሦስቱን መስመር ይሰርዙ፣ በምክንያቱ ሳጥን «ቆሻሻ» ይበሉ፣ ከዚያ የማይገባውን ደንብ ቁጥር ይላኩለት።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገረኛ መነሣቱ አይቀርም፦ «ታዲያ ስሕተት ሳይነካ ይደር? መዝገበ ዕውቀት እኮ የእንግዳ መቀበያ አይደለም።» ለዚህ ሰው ጥንቃቄ ያለው መልስ ያስፈልጋል፣ ለእውነቱ በጣም ቀርቧልና። ስሕተት ማደር የለበትም፤ ማንም ያድር አላለም። ችግሩ ስሕተትን ማረምና ሰውን ማባረር የሚጠይቁት ጊዜ ተቀራራቢ መሆኑ ነው። «ቆሻሻ» ብሎ ለመሰረዝና «ይህን ከየት አገኙት? ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የታተመ ነገር ካለ ብንጨምርበት» ብሎ ለመጻፍ የሚለየው ግማሽ ደቂቃ ነው። ትርፉ ግን ለየቅል ነው፦ በመጀመሪያው ሦስት መስመር ጠፋ፤ በሁለተኛው ሠላሳ መስመር የሚጽፍ ሰው ተገኘ። ጥራትን የሚወድ ሰው ሒሳቡን እንዲያሰላ አይፍቀዱለት። «ጥራት» የሚለውን ቃል ደጋግመው ከጮኹ ከማስላት ይዘናጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ እኛም ልንገለገልበት እንችላለን። «የይፋት ታሪክ በአብዛኛው በቃል የኖረ ነው፤ የታተመ ምንጭ አምጡ ማለት በገጠሩ ላይ በር መዝጋት ነው» ይላል። ቅሬታው ባዶ አይደለም፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በህንድና በደቡብ አፍሪካ የቃል ምስክርነትን ለውክፔዲያ ምንጭ ለማድረግ ሙከራ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነበር። ነገር ግን ቅሬታው ምንጭን ወደ መተው አያደርስም፤ ምንጭን በደንብ ወደ መግለጽ እንጂ። የዓረቡ ጸሐፊ አል-ዑመሪ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኢፋት ሲጽፍ ኢትዮጵያን አልረገጠም፤ የሰማውን ከሼህ ዐብዱላህ አል-ዘይለዒ እንደሰማ ግን በስም ተናገረ። ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ድረስ የሚመዝኑት ነጋሪውን ስላወቁት ነው። ጣሊያናዊው ምሁር ቼሩሊ በ1941 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የዓረብኛ ሰነድ ወላስማዎች የሸዋን ሱልጣኔት እንዴት እንደጣሉ ዓመት ጠቅሶ ስለሚናገር፣ የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ያሉትን ከእርሱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። እንዲህ ነገርን ከነገር የሚያስተያዩ ሰዎች ደግሞ መነጋገር ይቀናቸዋል፤ ስለዚህ ከመጽሐፍም ከአባቶችም እኩል ቢያርቋቸው ነው የሚሻለው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የመጨረሻው ነው፣ ከይፋት ሰው አፍም ሊሰማ ይችላል፦ «እኛ ጋ ጠብ የሚበርደው በአበጋር ፊት ነው፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲወርድ ፊት ለፊት ተያይተን። በሐሰት ስም ከሚጽፍ ጋር ምን ሽምግልና አለ?» ሊያስቡበት የሚገባ ክርክር ነው፤ ፊት ከሌለ ይሉኝታ የለም። ሆኖም ሽማግሌ የሚያስታውሰው የሰማውን ያህል ነው፤ የገጹ ታሪክ ግን በቅጽል ስም የጻፈ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት የተናገረውን ቃል በቃል ይዞ ይጠብቀዋል። እንዲያውም በዚያ ገጽ ላይ ሰው የሚታወቀው በፊቱና በአባቱ ስም ሳይሆን በሥራውና በአነጋገሩ ብቻ ነው። ይህ እንዳይገለጥ አንድ ዘዴ አለ፤ ስም ሳይመዘግቡ መግባት፣ ሰድቦ መውጣት፣ በነጋታው ከሌላ ቦታ መግባት። አበጋሩ ሁለቱን ወገኖች የሚያስቀምጥበት ጥላ ካጣ እርቁ ይቀራል።

ምክሩን አንድ በአንድ ከተከተሉ ውጤቱ ብዙ አይቆይም። ስለ አጣዬ የሚጽፈው ሰው ስለ እግር ኳስ መጻፍ ይጀምራል፣ የማሾው ልጅ አካውንቱን ይረሳዋል፣ በዓመተ ምሕረቱ የተጠራጠረው ዝም ይላል። ያን ጊዜ የማጀቴን ገጽ ይክፈቱ። አራት የመሬት መንቀጥቀጥ፣ አንዲት ምንጭ የሌላት እመቤት፣ የሚከራከርዎትም የለም። ከላይ «ውይይት» የምትለዋ ቁልፍ ቀይ ሆና ትታያለች፤ ውክፔዲያ ላይ ቀይ ማለት ገጹ ገና አልተፈጠረም ማለት ነው። ሲጫኗት ባዶ ነጭ ሳጥን ይከፈታል።