ራሱን ችሎ የሚጎበኝ ተማሪ

ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪን ወደ ሙዚየም የሚወስዱት «ራሱ አይቶ፣ ራሱ መርምሮ እንዲማር» ነው። ለዚህም 40 ጥያቄ ያለበት ወረቀት ያስይዙታል፤ ነፃነት ያለ ወረቀት አያምርማ!

ብሔራዊ ሙዚየም፣ ድንቅነሽ ዘንድ ቆማችሁ ታዘቡ። ጥያቄ 7፦ ዕድሜዋ ስንት ነው? 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ጥያቄ 8፦ የት ተገኘች? ሐዳር። ጥያቄ 9፦ መቼ? በ1967 ዓ.ም.። አንዱ ጎበዝ ከመግለጫው ላይ ያነባል፤ ሌላው ወረቀቱን በጓደኛው ጀርባ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል፤ የቀሩት ከእሱ ይገለብጣሉ። ቀና ብሎ አጥንቷን የሚያያት እስክሪብቶው ያለቀበት ብቻ ነው።

ሥራ የፈታ ደግሞ ጥያቄ አያጣም። «ቲቸር፣ አንጎሏ የቺምፓንዚ ያህል ከነበረ፣ በሁለት እግሯ መሄዷን በምን አወቁ?»

መልሱ እዚያው መስታወቱ ውስጥ ነው፦ ዳሌዋና ጉልበቷ። «የራሳችሁን ጉልበት እየዳሰሳችሁ ከእሷ ጋር አስተያዩ» ቢባሉ፣ ልጆቹ ግማሽ ሰዓት ይከራከሩ ነበር። መምህሩ ግን ሰዓታቸውን አዩ። «ወረቀቱ ላይ የሌለ አትጠይቅ! አውቶቡሱ እየጠበቀን ነው።»

ጉብኝቱ እጅግ የተሳካ ነበር፤ ከአንድ ልጅ በቀር ክፍሉ በሙሉ 40 ከ40 ደፈነ። ባዶ ወረቀት የመለሰው ያ ልጅ ብቻ «ወላጅ አምጣ» ተብሏል።