ከደጅ ስለሚበላ ንፍሮ፦ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ የተካሄደ መጠነኛ ጥናት

በክረምት መባቻ ከነቤተሰብ የሚታደሙበት በዓል የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ በአገራችን ምሁራን ዘንድ ተገቢውን ትኩረት አግኝቶ አያውቅም። ምክንያቱ አየሩ ነው። ፈረንጅ ሰኔ ሲጠባ ቁምጣውን ለብሶ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ይሰጣል። 2,850 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ በተቀመጠችው ደባርቅ ግን ሰኔ ሲጠባ በጋቢ ላይ ጋቢ ይደረባል፤ ከሊማሊሞ ገደል ሽቅብ የሚወጣው ጉምም ማንን እያነጋገሩ እንደሆነ ያጠራጥራል። ጎብኚ እንኳ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን፣ ያውም በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱን፣ በዚህ ወራት ሊያይ አይመጣም። ስለዚህ ጥናቱ በጋው ተሟጦ ጭቃው ሳይጀምር ባለችው ጠባብ ክፍተት ላይ እንዲያተኩር ተገድዷል። እሷም ግንቦት 1 ናት፤ ልደታ።

የጥናቱ መሪ ጥያቄ አጭር ነው፦ ይህን በዓል ማን ያዘጋጀዋል? በዓል ሲባል ዓቢይ ኮሚቴና ንዑሳን ኮሚቴዎች፣ ባነር፣ ማሊያና ኮፍያ፣ ዘግይቶ የሚደርስ የክብር እንግዳ፣ አበልም እንደሚኖረው የታወቀ ነው። ስሜንም ባለቤቱ የታወቀ ሥነ ሥርዓት አታውቅም አይባልም። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ቀቢው አቡነ ሰላማ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ደግሞ እዚያው እነግሣለሁ ብለው ያሰቡት ደጃዝማች ውቤ ናቸው ይባላል። ዝግጅቱ የተሟላ ነበር፤ የተለወጠው ባለተራው ብቻ ነው። ለልደታ ግን አዘጋጅ ፈልገን አጣን። እሳት የሚያያይዙ አንዲት እናት ስለ ኮሚቴው ሲጠየቁ፣ «ኧረ ልጄ፣ ልደታ ራሷ ትመጣ የለም እንዴ! ይልቅ ያንን ፍልጥ አቀብለኝ» ብለዋል። አጥኚው አቀብሏል። ይህ የገለልተኝነትን መርሕ እንደሚጥስ ይታወቃል፤ ሆኖም ያላቀበለ አይቀምስም።

ወደ ሥነ መለኮቱ ስንገባ ነገሩ ይከብዳል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እመቤታችን የተወለደችው በሊባኖስ ተራራ፣ ኢያቄምና ሐና ከቤታቸው ርቀው ሳሉ ነው። ንፍሮው ከደጅ የሚበላውም ለዚህ መታሰቢያ ነው ይባላል። እዚህ ላይ የስሜን ሕዝብ ያሳየው ትሕትና ሳይመዘገብ ማለፍ የለበትም፤ የሊባኖስ ጫፍ 3,100 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ራስ ዳሸን ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። የስሜን ሰው በዚህ አይኮራም። ቢያንስ ጮክ ብሎ አይኮራም።

የበለጠ ያስቸገረን የምግቡ ጉዳይ ነው። ፋሲካ ከመጋቢት 26 አይቀድምም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። በመሆኑም ግንቦት 1 ምንጊዜም በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይውላል፤ ረቡዕም ሆነ ዓርብ ጾም የለም። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ውሎ ልደታ በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ደረሰች፤ የዶሮው ወጥ ገና ከድስቱ አልተላቀቀም። እንግዲህ 55 ቀን ጾሞ የተፈታ ሕዝብ፣ ሥጋው ተፈቅዶለት ሳለ፣ ደጅ ወጥቶ ባቄላ ቅቅል ይበላል። በግ የሚያርዱ ሰፈሮች መኖራቸው አይካድም። እነሱም ቢሆኑ ንፍሮውን አላስቀሩም። ምጣኔ ሀብት ይህን ሊያስረዳ አልቻለም፤ ሥነ ልቦናም ሞክሮ ተወው።

ንፍሮው ራሱ ሲታይ ያልታሰበ ጥበብ አለበት። ባቄላው ሲነከር ያድራል። ስንዴው የመብሰያ ሰዓቱ ሌላ ስለሆነ አብሮ ከተጣደ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥርስ ይሰብራልና ለየብቻ ይቀቀላል። ሽምብራው ከወይና ደጋው ተገዝቶ ይመጣል፤ ባቄላና ስንዴውን የዳባትና የደባርቅ መሬት ያበቅለዋል። ውኃው ይጠነፈፋል፣ ጨው ነስነስ ይደረግበታል፣ ገና እየተነነ ሰፌድ ላይ ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የሕፃናት ክፍለ ጊዜ ነው። ሕፃን ሰፌዱን ከቦ ሲቀመጥ ሽምብራውን ለቅሞ ይጨርሳል፣ ስንዴውን ለታላላቆቹ ያስተርፋል። ይህ ከአክብሮት የመነጨ ነው የሚሉ ወላጆች አሉ። የቀረውን ኪሱ ይከታል። ኪስ የገባ ንፍሮ መቼና የት እንደሚወጣ የሚያውቁት ልብስ የሚያጥቡት ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። ደንቡ «ከደጅ ይበላ» ይላል። በግንቦት አንደኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የደባርቅ ሰማይ የራሱ ደንብ አለው፤ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ቀጥሎ በረዶ ይጥላል። ሰፌዱ ተነስቶ በረንዳ ላይ ቢደረግ ደጅ ነው ወይስ ቤት? በዚህ ላይ ሁለት የአተረጓጎም ጉባኤዎች ተፈጥረዋል። የበረንዳ ጉባኤ፣ በር እስካልታለፈ ድረስ ደጅ ነው ይላል። የሜዳ ጉባኤ ደግሞ በረንዳ የጣራው ልጅ ነው፣ ጣራ ያለው ሁሉ ቤት ነው ብሎ ሸማውን ተከናንቦ ይቀመጣል። የሁለተኛው ጉባኤ አባላት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸው። የቡናውን እሳት በጃንጥላ ከልለው እነሱ ግን ይበሰብሳሉ። አቦል በጃንጥላ ሥር፣ ቶና በካፊያ፣ በረካ በፀሐይ ሲጠጣ ታዝበናል፤ ሦስቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ። በነገራችን ላይ፣ ምዕራባውያን የእመቤታችንን ልደት የሚያከብሩት በሴፕቴምበር 8፣ በእኛ ጳጉሜን 3 ነው። ያ ቀን እኛ ዘንድ የሩፋኤል ነው፤ ሕፃናት ሆን ብለው ዝናብ ውስጥ የሚሮጡበት። ከዝናቡ ለማምለጥ ቀን መለወጥ አያዋጣም ማለት ነው።

ሌላም ሙግት አለ። ከንፍሮው ቆንጠር አድርጎ መሬት ላይ የሚበትን፣ ትልቅ ዛፍ ሥር ቅቤ የሚቀባ አይጠፋም። ሰባኪዎች ይህ ባዕድ አምልኮ ነው ብለው በየዓመቱ ያስጠነቅቃሉ። እናቶችም በየዓመቱ «እውነታቸውን ነው» ይላሉ። ጥናቱ በሁለቱ ወገኖች መካከል ፍጹም ስምምነት እንዳለ አረጋግጧል፤ ዛፉ ግን አሁንም ይወዛል።

ለተሟላ ግንዛቤ፣ ቤተሰብ ቤተሰቡን ይዞ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ በእጁ እየለቀመ የሚበላ ሌላ የአካባቢው ነዋሪ ጭላዳ መሆኑን መጥቀስ ተገቢ ነው። ጥናቱ በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ድምዳሜ አይሰጥም። ጭላዳ ሣር ነጪ ነው፤ ገብስ ሲያገኝ ግን እሱም በዓል ያደርገዋል።

ከልደታ በኋላ ያሉትን በአጭሩ እንለፋቸው። ሰኔ 12 ሚካኤል ነው፤ ገበሬው በአንድ ዓይኑ ታቦቱን በሌላው ደመናውን ያያል። ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው፣ የሐዋርያት ጾም ይፈታል፣ ጭቃው ግን አይፈታም። በመካከል ሰኔ 30 አለ። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚዘጋው በዚህ ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ «ሰኔ 30 እንገናኝ!» ሲባባሉ የከረሙ ተማሪዎችም የሚገናኙት ያኔ ነው። መሥሪያ ቤቱም ተማሪውም በአንድ ቀን ሂሳብ ይዘጋሉ። ለቤተሰብ ተስማሚ መሆኑ የሚወሰነው ልጁ ለመምታት በመሄዱ ወይም ለመመታት በመሄዱ ነው።

ለባለድርሻ አካላት የሚቀርበው ምክረ ሐሳብ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ድስቱን ይመለከታል። የሰፈሩ ንፍሮ የሚቀቀለው በእድሩ ትልቅ ብረት ድስት ነው፤ ለለቅሶ ንፍሮ የሚወጣውም ያው ድስት ነው። ሽማግሌዎች «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» ብለው ሲመርቁ ሰው ሁሉ «አሜን» የሚለው ጠንከር አድርጎ የመሆኑ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ድስቱ በማግሥቱ ታጥቦ መመለስ አለበት፤ ያቆየ ይቀጣል። ይህ ጽሑፍ እስከተጠናቀቀበት ሰዓት ድረስ ድስቱ ተመልሷል። ክዳኑን ሁለት ጎረቤቶች የእኔ ነው የእኔ ነው እየተባባሉበት ነው። ጭልፋውን በተመለከተ የእድሩ ንብረት ያዥ አጥኚውን ደግመው ሊያነጋግሩት እንደሚፈልጉ አሳውቀዋል።