በሪያድ ከተማ ስለ ቆብ የወጣ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የቪላው ባለቤት፣ የመብራት ቆጣሪው ጠባቂ፣ ዐቃቢተ ፓስፖርት የሆንን እኛ ማዳም፣ ወደ አገሯ ልትገባ ሻንጣዋን ያሰናዳችው ኢትዮጵያዊት ሠራተኛችን በኪሮሽ የሠራቻቸውን ኅብረ ቀለማውያን ቆቦች ከልብሶቿ መካከል ባገኘን ጊዜ፣ ሀብትነታቸው የማን እንደ ሆነ በጥልቅ መርምረን የሚከተለውን ደንግገናል።

አንቀጽ 1። ቆብ ማለት በራስ ላይ የሚደፋ ነው።

አንቀጽ 2። ክር ማለት ክር ነው።

አንቀጽ 3። ቤተ ሰቡ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ጣይፍ ደጋ በወጣ ጊዜ የተገዛው ክር፣ ዋጋው ከሠራተኛይቱ ደመወዝ የተከፈለ ቢሆንም፣ ወደ ገበያ ያደረሳት መኪና የቤቱ ነውና የመኪናውን ባለቤት ይከተላል።

ሀ) በእግሯ ሄዳ የገዛችው ቢጫ ክር ከዚህ ነጻ ነው፤ ጫማውን የገዛንላት እኛ ከሆንን ግን ነጻነቱ ይሻራል።

ለ) ሌሊት የተሠራ ረድፍ በቤቱ መብራት የተሠራ ነውና የቤቱ ነው፤ በጨለማ በዳሰሳ የተሠራው የእርሷ ነው፤ ይኸውም ጨለማው የጓዳችን ጨለማ ካልሆነ ነው።

ሐ) በአንድ ቆብ ላይ የሁለቱም ወገን ረድፍ ቢገኝ፣ የእርሷ ድርሻ ተተርትሮ ክሩ ይሰጣታል፤ ቆቡ ግን እዚሁ ይቀራል።

መ) የተተረተረው ክር በሻንጣ ሲመዘን ኪሎ ቢያልፍ፣ ተርፏልና ለቤቱ ይመለሳል።

አንቀጽ 4። ስለ ዕረፍት። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ በሳምንትም አንድ ቀን ዕረፍት የፈቀደ ስለ ነበረ፣ ይህ ሰዓት... ይህ ሰዓት የማን ነው? መብራቱ የእናንተ ይሁን፤ ሲደክም ያደረው ዓይን የማን ነበር? የሪያድ ሐምሌ 45 ዲግሪ ሲደርስ የሱፍ ቆብ ለማን ሊበጅ ነው ያስቀራችሁት? እኔ የሠራሁት ለደብረ ብርሃን ብርድ፣ ለእኅቴ ልጆች ነበር። ማዳም አረንጓዴውን ለቡና ማንቆርቆሪያዋ አልብሳዋለች፤ ሌሎቹን ከከተተችበት ቁም ሣጥን አላወጣቻቸውም።

አንቀጽ 5። ይግባኝ የለም።

አንቀጽ 6። ይህ አዋጅ ሻንጣ ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ነው።

ወደ አገር የምትገቡ እኅቶቼ ሆይ፤ የሠራችሁትን ቆብ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፤ ደራርባችሁ በራሳችሁ ላይ ድፉና ሻሻችሁን እሠሩበት። ማዳም ሻሽ አስፈትታ ስትፈትሽ እስከ ዛሬ አላየሁም።