የሳርዲን ጣሳ ምድር ባቡር፦ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ የተደረገ ጥናት

ስለ ወሎ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ስላስተማሩት ትምህርት፣ መስከረም 21 በግሸን ስለሚከበረው በዓል፣ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ስለሆነው አምባሰል ሊቃውንቱ ቀለም ጨርሰዋል። ከትምህርት ቤት መልስ እስከ መግሪብ አዛን ባለው ጊዜ፣ ሐይቅ ከተማ አቧራ ላይ እየተጎተተ ስለሚያልፈው ባቡር ግን አንድ መስመር የጻፈ ሊቅ አላጋጠመኝም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ይሞላል። ክፍተቱ መሞላት ነበረበት ወይ የሚለው የሌላ አጥኚ ጥያቄ ነው።

አጥኚው ለጉዳዩ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን የጥናት ዓመታት ያሳለፈው በተመልካችነት ሳይሆን በአንድ ፉርጎ ባለቤትነት ነው። በኋላ ላይ ዕድሜው ሲገፋ መረጃ የሰበሰበው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በማየት፣ ሲባረር ደግሞ ራቅ ብሎ በማየት ነው።

በቅድሚያ ቃሉን እናጥራ። በሐይቅና በአምባሰል ገጠር “ባቡር” ሲባል ሰሚው መጀመሪያ የሚያስበው ወፍጮን ነው። እህል ተሸክማ የምትወርድ ሴት ወዴት እንደምትሄድ ብትጠየቅ “ባቡር” ትላለች፤ ልትሳፈር ግን አይደለም። በሐዲድ የሚሄደውን ለይተው ለመጥራት አባቶቻችን “የምድር ባቡር” ማለት ነበረባቸው። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ለምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫም “የሰርኪስ ባቡር” ተብሏል፤ እሱ ሐዲድ አልነበረው፣ ፉርጎ አልነበረው፣ እህልም አይፈጭም። ከዚህ የምንረዳው በአማርኛ ባቡር ለመባል ማጓራትና ማጨስ በቂ መሆኑን ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ወደ ወሎ ዘወር አላለም። ስሙ ግን መጥቷል፤ መጥቶም ዱክ ዱክ እያለ ማሽላ ይፈጫል።

ውጭ አገር የሞዴል ባቡር ዘርፍ እጅግ የዳበረ ነው። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕሲሽ የንግድ ትርኢት ላይ ሐዲድ ያለው የአሻንጉሊት ባቡር ካቀረበ ወዲህ፣ ትልልቅ ሰዎች ሚስቶቻቸውን እያስፈቀዱ ምድር ቤታቸውን በሐዲድ ሲሞሉ ኖረዋል። በብዛት የሚሠራበት ልኬት 1 ለ 87 ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቤት የጠበበው 1 ለ 160 ይወስዳል፤ ዐይኑን የሚተማመን 1 ለ 220። ሀምቡርግ ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የሚሉት ቦታ አለ፤ ጎብኚው ቲኬት ቆርጦ ይገባና የማይሳፈርበትን ባቡር ቆሞ ያያል። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የሐይቁ ባቡር ልኬቱ 1 ለ ስንት እንደሆነ መወሰን አልተቻለም። ፉርጎው የሳርዲን ጣሳ ነው። (ሳርዲን ከሩቅ ባሕር መጥቶ ቆሮሶ በሚጠመድበት ሐይቅ ዳር እንዴት እንደሚበላ ራሱን የቻለ ጥናት ስለሚፈልግ እናልፈዋለን።) ጣሳው የሚገኘው ከምግብ ቤት ጓሮ፣ አለዚያም ከባለ ሱቁ ጋር በሚደረግ ልመና መሰል ድርድር ነው። ክዳኑ ተጠቅልሎ ይነሳል፤ ጠርዙ በድንጋይ ይቀጠቀጣል። ካልተቀጠቀጠ ጣት ይቆርጣል፤ የአጥኚው የግራ አውራ ጣት በማስረጃነት ሊታይ ይችላል። ከዚያ በጎንና በጎኑ በሚስማር አራት ቀዳዳ ይበሳል፤ ሁለት ሽቦ በአግድም ይገባል። እስከዚህ ሁሉም ይስማማል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ጎማው ላይ ነው። አንደኛው ወገን ቆርኪ ነው ይላል፦ በድንጋይ ጠፍጥፎ፣ መሃሉን በስቶ፣ ሽቦው ጫፍ ላይ መሰካት። ቆርኪ ድምፅ አለው፤ ድምፅ የሌለው ባቡር ደግሞ ምኑን ባቡር ነው። ሁለተኛው ወገን ከተጣለ ነጠላ ጫማ በምላጭ ክብ ክብ አድርጎ ይቆርጣል፤ ያ ጎማ አያንኳኳም፣ ግን ጠጠር ላይ አይገለበጥም። “የተጣለ” የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። በር ላይ የወለቀ ጫማ ተጥሏል ወይስ አልተጣለም በሚለው ላይ የእናቶች አቋም ከባለሙያዎቹ ይለያል።

ፊት ያለው ጣሳ ውስጥ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ይተኛል፤ ክብደት ካልኖረው ጣሳው አፍንጫውን እየደፋ ይቀራል። እሱ ሞተሩ ነው። ትክክለኛው ኃይል ግን የሚመጣው ሲባጎ ከያዘው ልጅ ነው፤ ነዳጁ ኪስ ውስጥ ያለ ቆሎ። ድምፁን በተመለከተ አጥኚው ያልጠበቀው ነገር ገጥሞታል። ልጆቹ የባቡር ድምፅ ሰምተው አያውቁም። ስለዚህ ባቡሩ ዳገት ላይ ማርሽ የሚቀይር አይሱዙ ሆኖ ያጓራል፤ ክላክሱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወደ ደሴ የሚወጣው አውቶቡስ ነው። ከኋላ የሚሮጠው ልጅ ረዳት ስለሆነ እጁን እያወዛወዘ “ወልዲያ! ወልዲያ! አንድ ሰው የቀረው!” ይላል። ውስጥ ያሉት ሁለት ጥንዚዛዎች ናቸው፤ አንዱ የመሳፈር ፍላጎት አላሳየም።

ሐዲዱ የሚዘረጋው በሁለት ጣት ነው። ጠቋሚና የመሃል ጣት ተከፍተው አቧራው ላይ ይጎተታሉ፤ ሁለት ቦይ ይወጣል። የድሮው የጅቡቲ መስመር ስፋት 1000 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ያሁኑ 1435 ነው። የሐይቁ ስፋት ግን በልጁ ዕድሜ ስለሚወሰን በየዓመቱ ይሰፋል፤ መስመር ዘርጊው ካደገ ያምናው ባቡር ዘንድሮ ሐዲዱን ይስታል። አገር ምድሩ ከ1000 ወደ 1435 ሲሻገርም የሆነው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ መስመሩን ስለሚያጥበው አገልግሎት ይቋረጣል። ቅሬታ ያቀረበ ተሳፋሪ የለም።

ይህ ሁሉ ግን የብረት ነገር ነው። የጥናቱ ዋና ግኝት ያለው ማያያዣው ላይ ነው።

አንድ ልጅ አንድ ፉርጎ አለው፤ ሁለት ያለው ልጅ አላየሁም፤ ሁለት ጣሳ ያገኘ እንኳ አንዱን ለጓደኛ ይሰጣል፤ ከፍቅር ሳይሆን ብቻውን ምን ያደርገዋል። ጣሳ ለብቻው ሲጎተት “መኪና” ነው የሚባለው፤ ከተናደዱ ደግሞ “ጣሳ” ይሉታል። የሦስት ልጆች ጣሳዎች በሽቦ ቆልመም ተያይዘው ሲሄዱ ነው “ባቡር” የሚሆኑት። እንግዲህ ባቡር የሚባል ዕቃ በየትኛውም ልጅ ቤት የለም፤ አልጋ ሥር ቢፈለግ አይገኝም። ከሰዓት በኋላ፣ ሦስቱ ሳይኮራረፉ በቆዩ ልክ ይኖራል። አንዱ “የኔን ስጡኝ!” ብሎ ቆልመሙን ሲፈታ የምድር ባቡሩ ድርጅት እዚያው ይፈርሳል፤ በማግስቱ እረፍት ሰዓት ላይ ቆሎ ተካፍሎ እንደገና ይቋቋማል።

ከዚህ የተነሳ የሥልጣን ነገር የተወሳሰበ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ አለቃው ሲባጎ የያዘው ነው። አምባሰልን በቀድሞ ጊዜ የሚገዛው ሹም ጃንጥራር ይባል ነበር፤ ባለ ሲባጎውም አረማመዱ ከዚያ ማዕረግ ብዙ አያንስም። ነገር ግን እውነተኛው ኃይል ያለው መካከለኛው ፉርጎ ዘንድ ነው። ፊተኛው ቢያኮርፍ ሁለት ፉርጎ ይቀራል፣ ኋለኛው ቢያኮርፍም እንዲሁ። መካከለኛው ሲያኮርፍ ግን ባቡሩ ለሁለት ይቆረጥና የኋለኛው ባለቤት ባዶ መንገድ ላይ ጣሳውን ይዞ ይቀራል። አጥኚው በዘመኑ መካከለኛ ነበር። ይህ በአቋሙ ላይ ተጽዕኖ አሳድሯል የሚል ካለ አይሳሳትም።

ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከሲባጎው ነው። ባለ ሲባጎው ውል ሲገባ “ስትፈልጉ በኔ ሲባጎ ትጎትታላችሁ” ይላል። ጓደኞቹ “ከፈለግን” ብለው ይረዱታል። እሱ “በሌላ ሲባጎ እንዳትጎትቱ” ማለቱ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ጆሮው ይቆም ይሆናል። ከሐይቅ በስተ ሰሜን በወልዲያው መንገድ ላይ ውጫሌ አለች፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል በአንቀጽ 17 ምክንያት የፈረሰው በዚሁ ዓይነት ችግር ነው። አማርኛው ምኒልክ ቢፈልጉ በኢጣሊያ በኩል ከሌላ መንግሥት ጋር መላላክ ይችላሉ ሲል፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፤ መጨረሻው ዐድዋ ሆነ። የሐይቆቹ ግን ጦር አይማዘዙም፤ ይማማላሉ። በዚህ ሰፈር የሙስሊሙ ልጅ “ማርያምን” ሲል፣ የክርስቲያኑ ልጅ “ወላሂ” ሲል መስማት አዲስ ነገር አይደለም። በጓደኛ መሐላ መዋሸት ቅጣቱ ሳይቀል አይቀርም የሚል ግምት እንዳለ አጥኚው ይጠረጥራል። ቤት ገብቶ ላጣራ ሲል ግን ሁለቱም እናቶች ዘንድ ቡና ተፈልቶ ስለጠበቀው ጥያቄውን ረሳው።

መሐላው ካልሠራ ጉዳዩ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ወሎ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ አበጋሮች አሏት፤ የሲባጎ ክርክር ግን ከእነሱ ሥልጣን በታች ስለሆነ ለታላቅ እህት ይመራል። እሷም ግራ ቀኙን ሳትሰማ ትፈርዳለች፦

“ሦስታችሁም ተነሱ፣ ውኃ ቅዱ!”

ይግባኝ የለም። ጀሪካኖቹም እየተንገጫገጩ፣ ሦስት ሆነው፣ ተከታትለው ይሄዳሉ። ረዳቱ “ቧንቧ! ቧንቧ!” ማለት የሚጀምረው ሃያ እርምጃ እንኳ ሳይሄዱ ነው።

አሁን ቃል ወደ ገባሁበት ልመለስ። በየካቲት 2007 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ላይ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር። ሥራውን የያዘው ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ተቋራጭ ነው፤ የውሉ ዋጋ 1.7 ቢሊዮን ዶላር። ተራራው ተበሳ፣ ዋሻ ወጣ፣ ሸለቆው ላይ ድልድይ ቆመ፣ 1435 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ተዘረጋ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት በዚያው አገር ላይ አለፈ። ይህ ጽሑፍ እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም።

በዘርፉ ትርጓሜ መሠረት ሞዴል ባቡር ማለት ሐዲዱ፣ ድልድዩ፣ ዋሻው፣ ጣቢያው ሳይጓደል ተሠርቶ፣ ሰው ቆሞ የሚያየው እንጂ የማይሳፈርበት ነገር ነው። ትርጓሜውን ካመንን ከዓለም ትልቁ ሞዴል ባቡር ሀምቡርግ ሳይሆን እኛ ዘንድ ነው፤ ልኬቱም 1 ለ 1 ነው። ጀርመኖቹ ባቡሮቻቸው እንዳይዘገዩ ሌት ተቀን ይጨነቃሉ፤ የኛው እስከ ዛሬ አንድም ደቂቃ ዘግይቶ አያውቅም። እነሱ ጋ መግቢያ ይከፈላል፤ እኛ ጋ ፍየልም በነጻ ያያል። የጎደለው ነገር ምንድን ነው ተብዬ ብጠየቅ፣ ከሦስቱ ልጆች የተማርኩትን ይዤ ቆልመሙን ፈትሹ እላለሁ፤ የሚሰማኝ መሐንዲስ ግን ያለ አይመስለኝም።

ይህ ሞዴል ደግሞ የራሱ ማኅበር አለው። ጀበና ቡና የሚፈላበት ጥላ ሥር፣ ጢማቸው ገና ሳይሸብት ድንጋዩ ሲቀመጥ ሰምተው ዛሬ የሸበቱ ሰዎች ይቀመጣሉ። የአንዱ የሚስት ወንድም ጥበቃ ተቀጥሮ ስለነበር እሱ እንደ ባለሙያ ይቆጠራል። ስብሰባው የሚከፈተው ሁሌ በአንድ ዓይነት ቃል ነው፦

“አያ፣ ባቡሩስ?”

“ይመጣል አሉ።”

“ማን አለ?”

“ሬዲዮ።”

“አልሐምዱሊላህ።”

ከዚያ የማሽላ ዋጋ፣ የልጅ ሠርግ፣ የጉልበት ሕመም። በነጋታውም ከዚያው ይጀመራል። ወዳጅነቱ በዚህ ጥያቄ ላይ ከቆመ ስንት ዓመቱ። ባቡሩ አንድ ቀን ድንገት ቢመጣ እነዚህ ሰዎች ቡና ላይ ምን ብለው ወሬ እንደሚጀምሩ አጥኚው ያሳስበዋል፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሲሠራ ይህ ነገር ታይቶ እንደሆነ አላውቅም።

የመጨረሻው ምልከታ የተደረገው ቅዳሜ ቀን፣ ከወፍጮ ቤት በታች ባለችው ቁልቁለት ነው። ከሦስቱ አንዱን እናቱ ግማሽ ቁና ማሽላ አሸክማ ልካዋለች። ሁለቱ ጓደኞቹ ጣሳቸውን አያይዘው ተከትለውታል። ወፍጮው ተራ ይጠበቃል፤ ረዳቱ በዚያ መካከል የቆሙትን ሴቶች “ገባ ገባ በሉ!” ሲል አንዷ እትዬ በነጠላዋ ጫፍ ገረፍ አደረገችው። ማሽላው ተፈጨ። ልጆቹ ወፍጮው ሥር የረገፈውን ዱቄት በእጃቸው እየጠረጉ ሦስቱንም ጣሳ ሞሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭነት ያለው ባቡር አየሁ። ቁልቁለቱን በቀስታ ወረዱ፤ አይሱዙው ፍሬን ይዞ ነበር። የነጠላ ጫማው ጎማ አንድ ጠጠር ላይ ዘለለ፣ ከኋለኛው ፉርጎ ጥቂት ፈሰሰ፣ ባለቤቱ ተንበርክኮ ከነአፈሩ መልሶ ጫነው። ሌሎቹ ቆመው ጠበቁት።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። እናትየው በር ላይ ወጥታ ቆማለች።

“እስካሁን የት ነህ አንተ?”

“ባቡር ነበርኩ።”

አጥኚው የትኛው እንደሆነ ለመጠየቅ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። እሷ ግን ከከረጢቱ ትንሽ ቆንጠር አድርጋ በሁለት ጣቷ መካከል ፈተገችው።

“አልላመም” አለች።